የማትጸየፈዋ እትዬ

ባሕር አልወድም። ሰው ሁሉ «ባሕር ዳርቻ» ሲባል ፊቱ ይፈካል፤ እኔ አፍንጫዬን እይዛለሁ። ለእኔ ባሕር ማለት ለአሥራ አራት ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ እርጥብ ፎጣ የተከመረበት ወንበር፣ አልጋ ውስጥ የገባ አሸዋና የአጎቴ የእግር ጥፍር ነው። ጥፍሩን ያነሳሁት ለቀልድ አይደለም። ቁርስ በምንበላበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ እግሩን ሰቅሎ ይቆርጠው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ቁራጭ ተፈናጥሮ ቅቤው ላይ አረፈ። አጎቴ በጣቱ አንስቶ ወረወረውና ቅቤውን ዳቦው ላይ ቀባ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዛሬም ሰው የከፈተውን ቅቤ አልነካም።

አጎቴ የጎማ ነጋዴ ነው፤ የሚያወራው ሁሉ በጩኸት ነው። በየዓመቱ በትምህርት ቤት የዕረፍት ጊዜ ባሕሩ አጠገብ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ይከራይና ዘመዱን ሁሉ እዚያ ያጭቃል። እኔን እናቴ ይዛኝ ትሄዳለች። አባቴ ሥራ አይለቀውም፤ አሁን ሳስበው ብልህ ሰው ነበር።

እትዬንም ያወቅኋት እዚያ ነው። የእናቴና የአጎቴ ታላቅ እህት ናት፤ እነሱ «እትዬ» ሲሏት ሰምተን እኛ ልጆቹም እትዬ አልናት። ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። ከቀዶ ሕክምና የወጣ አንሶላ፣ የሕሙማን ፒጃማ፣ ሌላም ሌላም፣ ትለያለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ታጥባለች። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። በዘመድ መካከል መታወቂያዋ አንድ ነበር፦ እትዬ አትጸየፍም።

«እህቴ ናት፤ ወርቅ የሆነች ሴት! ምንም አትጸየፍም!» ይላል አጎቴ ከሰው ሲያስተዋውቃት። ምስጋና ይመስላል። ልብ ብሎ ለሰማው ግን የሥራ ትእዛዝ ነው። ሕፃን ካስመለሰ፣ «እትዬ!» የመታጠቢያው ቧንቧ በጸጉር ከተደፈነ፣ «እትዬ!» አያታችን አባባ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ረስተው ከተኙ፣ «እትዬ፣ መቼም አንቺ አትጸየፊም፣ እስቲ አንሺው።» የአጎቴ ሚስት ደግሞ ደረቷን ይዛ «እኔ እኮ ሆዴ አይችልም» ትላለች። ሆዷ የማይችለው ማጽዳቱን ብቻ ነበር፤ መብላቱንማ ከሁላችንም በላይ ይችላል።

በዚያ ዓመት፣ በመጣን በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ስነቃ ፍራሼ ርሷል። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ! የአጎቴ ልጆች አፍንጫዬን ስለምይዝ «አፍንጬ» ብለው ስም ያወጡልኝ እኔ፣ በራሴ ሽንት ውስጥ ተኝቼ ተገኘሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጠገቤ ወለሉ ላይ ተኝታ የነበረችው እትዬ ዓይኗን ገለጠች፤ አየችኝ። ምንም ሳትናገር አንሶላውን ጠቅልላ ወጣች። ሌሎቹ ሲነሱ አንሶላው ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

«ውኃ ደፋሁበት፤ እጄ አያርፍ» አለቻቸው። ለእኔ ደግሞ ደረቷን በጣቷ ነካ አድርጋ በሹክሹክታ፣ «እዚህ ገብቶ ቀረ» አለችኝ።

በዚያው ቀን የአጎቴ ልጆች ያጠመዱትን ዓሣ የከተቱበት ባልዲ ትዝ አላቸው። ደረጃው ሥር ፀሐይ ላይ ትተውት ሁለት ቀን ሆኖታል። ክዳኑ ሲነሳ የወጣውን ሽታ አልገልጸውም፤ ውስጡ ይንቀሳቀስ ነበር ማለት ይበቃል። «እትዬ!» ተባለ። እትዬ ባልዲውን አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔም የጠዋቱን ላመሰግናት አፍንጫዬን ይዤ ተከተልኳት።

አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ታስመልሳለች። አንጀቷ የሚወጣ ነበር የሚመስለው።

«እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም።» በክንዷ አፏን ጠረገች። «ዓሣው ነው።»

«አንቺ አትጸየፊም እኮ!»

«ማነው ያለሽ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ እጸየፋለሁ።» ከኪሷ የአውራ ጣት የምታህል ደረቅ ሳሙና አወጣች። «ይቺን አፍንጫሽ ሥር ትቀቢያለሽ፣ በአፍሽ ትተነፍሻለሽ፣ የሆነ ዘፈን ታንጎራጉሪያለሽ፤ ያልፋል። ዛሬ ሳሙናዋን ሳልቀባ ቀድሞኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«የኔ ልጅ፣ ለምን የሚጠሩኝ ይመስልሻል?» አለች። ቅሬታ የለባትም፤ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነበር ያለችው። «ከሥራ ስመለስ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀኝ ግድግዳ ነው። እዚህ ግን ቤቱ ይንጫጫል፣ እናንተ ትጣላላችሁ፣ አባባ ያንኮራፋሉ። ደስ ይለኛል። አደራሽን፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ከዚያ ወደ ውስጥ ወስዳ ሻንጣዋ ውስጥ ያለውን አሳየችኝ። ሰማያዊ የዋና ልብስ ነው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። ለአራት በጋ አመላልሳዋለች። አራቱንም በጋ ባሕሩን ያየችው በወጥ ቤቱ መስኮት፣ ድስት እየፈተገች ነው። «ዘንድሮ ግን እገባለሁ፤ እስከ አንገቴ» አለችኝ።

አልገባችም። አንድ ቀን ሕፃኑ አስቀመጠው፤ አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋ ተበላሸ፤ አንድ ቀን ደግሞ አጎቴ የድመት ሰገራ ረግጦ ቤቱን ሁሉ ዞረበት። የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ለመጨረሻ ጊዜ ሊዋኝ ሲዘጋጅ፣ እትዬ የዋና ልብሷን ከቀሚሷ ሥር ለብሳ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ፈሰሰ።

ቡናማው ውኃ በኮሪደሩ እየተንፏቀቀ መጣ። ምን ምን ይዞ እንደመጣ አልዘረዝርም። አጎቴ ሐብሐብ እያላመጠ ወንበር ላይ ወጣ። ሌላው እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ ሁሉም እትዬን አየ። ባልዲው እዚያው አጠገባቸው ነበር፤ ባልዲውን ያየ አንድ ሰው የለም።

«እንኳን እትዬ ሳትወጣ!» አለች የአጎቴ ሚስት። «እሷ አትጸየፍም።»

እትዬ ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ የበሩ እጀታ ላይ ሰቀለችው። እጇ ሳሙናዋን ፍለጋ ወደ ኪሷ ሲገባ አየሁት። ደሜ ፈላ። «እትዬም ትጸየፋለች» ልል ነበር። ይኸው ብቻ ነበር ሐሳቤ፤ እንደማንኛችሁም ሆድ አላት ለማለት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ ትጸየፋችኋለች!»

ሁለት ፊደል ናት ያስገባሁት። ያለ እሷ ነገሩ የሆድ ነገር ነው፤ ከእሷ ጋር ግን በሥጋ ዘመድ ላይ የተፈረደ ፍርድ ሆነ። አጎቴ ሳያስበው ከወንበሩ ወርዶ ውኃው ውስጥ ቆመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«እኛን?» አለ። «እትዬ፣ እኛን ነው የምትጸየፊው?»

ሽንት ቤቱ ተረሳ። ቆሻሻው በእግር ጣቶቻቸው መካከል እያለፈ፣ እነሱ ስለ ክብራቸው ያወራሉ። እናቴ አለቀሰች። የአጎቴ ሚስት «እኔስ ድሮም ፊቷን አይቼ አውቄያለሁ!» አለች። አጎቴ «አብልተን፣ አጠጥተን፣ ባሕር አሳይተን!» ብሎ ጮኸ። ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሰዎች ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ ባሕሩ ቅርብ ነበር።

እትዬ «ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው» ብትል ያበቃ ነበር። በዓይኔ ለመንኳት። አፏን ከፈተች። አንድ በአንድ ሁሉንም አየቻቸው፤ ቁልቁል እግራቸውንም አየች። አፏን ዘጋች። ፎጣዋን ከእጀታው አንስታ ወጣች።

ሮጬ ስደርስ እስከ አንገቷ ገብታለች። ዳር ላይ ቆሜ እያለቀስኩ፣ «እትዬ፣ ተሳስቼ ነው! ትጸየፋለች ልል ብዬ ነው!» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ለምን ታዲያ አልነገርሻቸውም?»

«ውኃው ይቀዘቅዛል» አለች። «ቆሻሻም ነው፤ አሁን የሆነ ላስቲክ እግሬን ነካኝ።» ሳቀች። ግን አልወጣችም፤ ዕቃችን ተጭኖ እስኪያልቅ እዚያው ነበረች። ሽንት ቤቱን ማንም አልነካውም። አጎቴ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለአከራዩ ላከ።

በሚቀጥለው ዓመት አልጠሯትም። «ትጸየፈናለች፤ ለምን እናስቸግራታለን» ተባባሉ። እኔን ግን ወሰዱኝ። በአራተኛው ቀን ቧንቧው ተደፈነ። ማንም ማንንም ሳያይ ትንሽ ተቆየና አጎቴ ባልዲውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«አንቺ አሁን ትልቅ ልጅ ነሽ። አትጸየፊም አይደል?»

«እጸየፋችኋለሁ» አልኩት። በዚህ ጊዜ ፊደል አልተሳሳትኩም። እናቴ በጥፊ አጮለችኝ።

ከተማ እንደተመለስን እትዬ ጋ ሄድኩ። ሰማያዊው የዋና ልብስ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ነጭ የጨው መስመር አለበት። አላጠበችውም። ልብስ አጣቢዋ እትዬ! አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝና ስለ አያቴ፣ ስለ ሕፃኑ ጠየቀችኝ፤ ስለ ጥፊውም ነገርኳት። ከዚያ እጆቿን ቀሚሷ ላይ እያሻሸች፣ ዓይኗን ሌላ ቦታ ጣል አድርጋ፣

«ስሜን አነሱ?» አለች።

«በየቀኑ» አልኳት።

ፊቷ ሁሉ በራ። የሚያነሷት ሽንት ቤቱ በተዘጋ ቁጥር መሆኑን አልነገርኳትም። እሱ እዚህ ገብቶ ቀረ።