ሲና በስድስተኛው ዙር

ሲና በቀላሉ የምትጸየፍ ሰው አይደለችም። አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰገራና አክታ ስትመረምር ትውላለች፤ ምሳዋን ግን እዚያው ጎን ባለች ክፍል ቁጭ ብላ አጣጥማ ትበላለች። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ከምን የተሠራ ነው?» ትላታለች።

ይቺው ሲና ናት ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት ከማቲ ቤት ወጥታ የሰው አጥር ተደግፋ ያስመለሳት።

ማቲ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ነው። እሱና ሌሎች ስድስት ወንዶች፣ ሁሉም እሷም ከምትዘምርበት ኳየር፣ በስልክ ፋንታሲ ባስኬት ይጫወታሉ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ውድድር ሊጀመር ሲል ይሰበሰቡና እውነተኞቹን ተጫዋቾች በየተራ እየመረጡ የየራሳቸውን ቡድን ያዋቅራሉ። አንዱ የመረጠውን ሌላው አይወስድም። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ ይቆጠራል። ይህንን ምርጫ ድራፍት ይሉታል። ገንዘብ የለበትም፤ ያሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ሲፎክር ይከርማል።

ሲናን ወደ ጨዋታው ያስገባት ከሰባቱ አንዱ፣ ኦልያድ ነው። ትምህርት ቤት ሳሉ አብረው ባስኬት ይጫወቱ ነበር። ስምንተኛ ሰው ጎድሏቸው ለማሟያ ገባች፤ በተከታታይ ሁለት ዓመት አሸነፈቻቸው። ምስጢሯን አልደበቀችም። «የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ማንም ይመርጣል፤ ስማቸውን የማያውቅ የለም» ትላቸዋለች። «ጨዋታው የሚወሰነው ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ነው። ማንም የማያጨበጭብለትን፣ ግን በየቀኑ የሚሰለፈውን ሰው ፈልጉ።» ለኦልያድ ደግሞ ማስታወሻ አያያዝ አሳይታዋለች፤ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ጎን አጭር ነገር፦ «አስተማማኝ»፣ «ጉዳት አለበት»፣ «ብዙ አይጠበቅበትም»።

የማቲ ቤት ሽሮ ሜዳ ነው፤ እናቱ እትዬ ዓለሜ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡበት ሱቅ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ። በዚያ እሑድ ስምንቱም ሳሎን ተቀምጠው የማቲን ላፕቶፕ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተዋል። አምስተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ቀጣዩ ተራ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ማቲ የተራውን ዝርዝር ለማሳየት ፋይል ሲከፍት የተሳሳተውን ከፈተ። «ድራፍት፣ የእኛ» ይላል።

በመጀመሪያው ዙር ከላይ «ሀሌሉያ» የሚል ስም አለ፤ የኳየሩ ሶሎ ዘማሪ፣ የሲና የቅርብ ጓደኛ። ከጎኑ የመረጣት ሰው ስም፣ ቀጥሎም «ሁሉን ያሟላች» የሚል አስተያየት። ሲና በመጀመሪያ አልገባትም። ወረድ ስትል ስልሳ የሚጠጉትን የኳየሩን ሴቶች አገኘቻቸው። ዓምና እጮኛዋ ትቷት የሄደባት ኢየሩ ዘጠነኛ ዙር ላይ ናት፤ «ጉዳት አለባት» ተብላለች። ስድስተኛው ዙር ላይ፦ «ሲና። መራጭ፦ ኦልያድ። አስተማማኝ፤ ብዙ አይጠበቅባትም።»

ቃሉ የራሷ ነው፤ ያስተማረችው እሷ ናት።

ማቲ ሊዘጋው ይታገላል፤ ላፕቶፑ አርጅቶ ደርቆ ቀረ። አንዱ ሳቁን አፍኖ በአፍንጫው አወጣው። በዚህ መሀል እትዬ ዓለሜ ሻይና አምባሻ በትሪ ይዘው ገቡና ቴሌቪዥኑን ቀና ብለው አዩ።

«ጎበዞች! የኳየሩ ስም ዝርዝር ነው? ሲናዬ፣ አንቺም አለሽበት፤ እሰይ!»

«አዎ እማዬ፣ የኳየሩ ነው» አለ ማቲ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። ከሁለት ሰዓት በፊት መድረክ ላይ ቆሞ የጸለየበት ያው ድምፅ ነው።

ሲና የተጸየፈችው ይሄንን ነው።

«አይደለም እትዬ ዓለሜ» አለች። «እኛን ሴቶቹን እንደ ተጫዋች በየተራ የተከፋፈሉበት ነው። ያንብቡት።»

እትዬ ዓለሜ ትሪውን አስቀመጡ፤ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አድርገው ተጠጉ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሲና ይጮሃሉ፣ ልጃቸውን በጥፊ ይላሉ ብላ ጠበቀች። ሴትየዋ ግን የሚፈልጉት ሌላ ነበር፤ በጥር ወር ማቲ የሚያገባትን ልጅ ስም ነበር የሚፈልጉት። የለም። ከዝርዝሩ ግርጌ «እህትና እጮኛ አይገቡም» የሚል ሕግ ተጽፏል። እትዬ ዓለሜ ያንን ሲያዩ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ወጣት ሲሰበሰብ ቀልድ አይጠፋም» አሉ። ከዚያ ወደ ሲና ጠጋ ብለው ክንዷን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ለፓስተሩ እንዳትነግሪብኝ። ሠርጉ ደርሷል።»

ላፕቶፑ በመጨረሻ ነቃ፤ ቴሌቪዥኑ ወደ ዋናው ድራፍት ተመለሰ።

«ሲና፣ ተራሽ ነው» አለ ከወንዶቹ አንዱ። «ሰዓቱ እየቆጠረ ነው።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ቁልቁል ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄደች ነው አጥሩ ጋ የቆመችው። አፏን በሶፍት እየጠረገች ሳለ ኦልያድ እየሮጠ ደረሰባት።

«ሲና፣ ስሚኝ… ማለቴ፣ ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ቡና ቤት ተቀምጠን እንዲሁ ሲቀለድ ነው።»

«የመረጥከኝ አንተ ነህ።»

«ሌላ ሰው እንዳይመርጥሽ ብዬ ነዋ! እንደ እህቴ ስለማይሽ።»

«የእህትህን ስም ግን አላስገባህም።»

ከዚያ ምን እንደነካት ሳታውቀው ጠየቀችው። «ለምን በስድስተኛው?»

ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። ኦልያድም ሰማ፤ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ፤ ነገሩ ቀለል ያለለት መሰለው። «ሁለተኛ ላይ ልወስድሽ ነበር እኮ» ብሎ ጀመረ። ሲና መጨረሻውን አልሰማችውም፤ የመጣ ሚኒባስ አስቁማ ገባች። ሳምንቱን ሙሉ ከዝርዝሩ ይልቅ ይህቺ ጥያቄዋ ናት እንደ መጥፎ ሽታ የተከተለቻት። የተከፋሁት ስለተመረጥኩ ነው ወይስ ዘግይቼ ስለተመረጥኩ? መልሱን በእርግጠኝነት ማወቅ አለመቻሏ ራሷን አስጠላት።

ለሀሌሉያ በማግስቱ ነገረቻት። ሀሌሉያ አላለቀሰችም፤ ለሴቶቹ በሙሉ ደወለች። ለኢየሩ ብቻ ስለ እሷ ምን እንደተጻፈ አልነገሯትም። እሷ ግን ከሌላ ሰው ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ ለልምምድ መጥታ አታውቅም።

የኳየሩ መሪ የሰማውን ሰምቶ «አንድነታችን እንዳይፈርስ» ሲል የእርቅ ስብሰባ ጠራ። ሰባቱ ወንዶች ፊት ለፊት ተሰለፉ። ማቲ ከስልኩ አነበበ፦ «ቅር ያሰኘናችሁ እህቶች ካላችሁ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ካላችሁ?» አለች ሲና።

መሪው «እባክሽ እህቴ፣ መንፈሱን አናበላሸው» አላት። ሰዉ አጨበጨበ። ሲና ከኳየሩ ወጣች፤ ፋንታሲውንም ከስልኳ አጠፋች። ወንዶቹ በስምንተኛዋ ቦታ ሌላ ሰው አስገብተው ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቤቷ አንድ ፌስታል ደረሳት። ጥሩ ነጠላ ነው፤ ጥበቡ አረንጓዴና ወርቃማ፣ ለማቲ ሠርግ እንድትለብሰው ከእትዬ ዓለሜ የተላከ። እናቷ እየዳሰሰች «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» አለች። ሲና መልሳ አጠፈችውና በቀጣዩ ቀን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣች። እትዬ ዓለሜ ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ።

«ቀለሙ አልሆነሽም?»

«ቀለሙ ጥሩ ነው። እኔ ነኝ የማልለብሰው።»

«ያንን ነገር እስካሁን ይዘሽዋል እንዴ ልጄ? እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ልጅዎን ይጠይቁት፣ እትዬ።»

ይህን ጊዜ ሁለት ሴቶች ገቡና ለሠርግ የሚሆን ነጠላ እንዳለ ጠየቁ። የእትዬ ዓለሜ ፊት በራ። ሲና የመለሰችውን ነጠላ ከፌስታሉ አውጥተው ዘረጉት።

«ይኸውላችሁ፣ ዛሬ የገባ ነው» አሉ። «ማንም ያልነካው።»

ሲና ሳትሰናበታቸው ወጣች።