ለሁሉም እሺ

ሌሊሴ ጎረቤቴ ናት። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቺፑድ ስለሆነ እነሱ ቤት የሚባለው ሁሉ እኔ ቤት ይሰማል። አባቷ ጋሽ ቢቂላ ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» የምላቸው ከወዲህ ማዶ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው።

ኮልፌ ውስጥ ፎቶ ቤት ትሠራለች። ሰው ለመታወቂያ ሲነሳ ጀርባውን ነጭ ታደርጋለች፣ ኮት ያልለበሰውን ኮት ታለብሳለች። ዝምተኛ ናት ቢሉኝ አልስማማም፤ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። ጋሽ ቢቂላ ደግሞ ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሙ «ቃሉ ውስጣቸው አለ፤ የሚያናግራቸውን ነገር ፈልጉ» አለ። የሰፈሩ ሰው የመሰለውን ሁሉ ሞከረ። እኔ በበኩሌ ስለ ኳስ አወራኋቸው፣ በፖለቲካ ላናድዳቸውም ሞከርኩ። አዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሌሊሴ የኮምፒውተር ጌም አመጣች። ስትነግረኝ ሳቅኩባት። አውቶቡስ የሚነዳበት ጌም ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መሪም አለው። ጋሽ ቢቂላ መሪውን ሲጨብጡ እጃቸው ወዲያው አወቀው። ግን መንገዱ የፈረንጅ አገር መንገድ ነው፤ በረዶ የተነጠፈበት፣ በስህተት እንኳ አንድ እግረኛ የማይሻገርበት። ትንሽ ጊዜ ነዱትና ተዉት።

ያኔ ነው ሌሊሴ ሞድ መሥራት የተማረችው። ሞድ የሚሉት ጌሙ ሲሠራ ያልነበረውን ነገር ሌላ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሠርቶ ሲጨምርበት ነው። አዲስ መኪና፣ ድምፅ፣ መንገድ፣ የፈለገውን። እሷ የፈለገችው አባቷ የነዱበትን መንገድ ነበር። እሁድ እሁድ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል በእግሯ እየሄደች ግራና ቀኙን ፎቶ አነሳች። ጋራዦቹን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ጎሚስታው በር ላይ የተንጠለጠለውን ጎማ፣ የሱቆቹን ቀለም ሳይቀር። ከዚያ ማታ ማታ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ በአንድ ተከለችው። ከዓመት በላይ ፈጀባት። እኔ ዕድሜሽን በጨዋታ አትጨርሺ እላት ነበር፤ አፌ ሥራ አይፈታም።

የጨረሰችው ቀን ጋሽ ቢቂላ መሪው ፊት ተቀመጡ። ጥቂት እንደ ነዱ አውቶቡሷን አቆሙ፣ በሩን ከፈቱ፣ ከዚያም በግድግዳው በኩል ድምፃቸው መጣ፦

«ጎሚስታ! ጎሚስታ ወራጅ!»

አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እየነዱ ፌርማታዎቹን መጥራት ያዙ። ሹፌሩም ትኬት ቆራጩም እሳቸው ናቸው። ከፌርማታዎቹ ቀጥሎ መንገድ የዘጋባቸውን ታክሲ መስደብ መጣ፤ ከስድቡ ቀጥሎ «ውኃ» መጣ፤ በኋላ «ልጄ ገባች?» ማለት ቻሉ። መሪው ፊት ሳይቀመጡ የዋሉ ቀን ግን ማታውን ቃል አይወጣቸውም። ያቺ መንገድ አንደበታቸው ነበረች።

ነገሩ በሰፈሩ ተሰማ። አየር ጤና ጌም ቤት ያለው ፈሀድ መጥቶ ለመናት፣ ሰጠችው። ትንሽ ፋይል ነበረች፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠች ኮልፌን አዳረሰች። ሌሎች ልጆችም በተራቸው ታክሲ፣ ሲኖትራክ፣ ዝናብ፣ የታክሲ ዘፈን እየሠሩ ጨመሩ። ፈሀድ ደግሞ ደግ ልጅ ነው። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ይህን ሁሉ ማን አንድ በአንድ ያወርዳል ብሎ በሙሉ አንድ ላይ ጠቀለለውና «ሙሉ አዲስ» የሚል ስም ሰጠው። አንዴ ማውረድ ነው፣ አለቀ። ሰዉ መረቀው። ጥቅሉን የጫነም ሁሉ የተበታተኑትን አጠፋቸው፤ ሁሉም ውስጡ አለ፣ ቦታ ለምን ይይዛሉ?

ሌሊሴም ለራሷ ቅጂ አላስቀመጠችም። ሰው እጅ አለ አለች። እኛ እንዲህ ነን። የእኔ የሠርግ ቪዲዮ እኔ ጋ የለም፣ ወንድሜ ጋ አለ፤ ወንድሜ ደግሞ እኔ ጋ ያለ ይመስለዋል።

ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና የሌሊሴን ኮምፒውተር አቃጠለው። መንገዱም ፎቶዎቹም እዚያው ነበሩ። አልደነገጠችም። ኮምፒውተሩን አሠራችና ፈሀድ ጋ ሄዳ ጥቅሉን በፍላሽ ይዛ መጣች። ስትከፍተው ስሙ በትክክል ተጽፏል፦ አየር ጤና – ቤቴል። ውስጡ ግን ሌላ መንገድ ነው። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ ለሲኖትራክ የተሠራ። ጎሚስታም ወፍጮ ቤትም የለም። በዚያ ላይ ዘፈኑ አይዘጋም። ዘፈኑን ብቻ ላውጣው ብትል ጌሙ ጭራሽ አልከፍት አላት፤ አንዱ ካንዱ ጋር ተቋጥሯል።

አብሬያት ፈሀድ ጋ ሄድኩ። ፈሀድ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ብዙ ፈለገ፣ በመጨረሻ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«ሲኖትራክ የሠራው ልጅም መንገድ ሠርቷል። የሱም ፋይል ስሙ ‹መንገድ› ነው፣ ያንቺም ‹መንገድ› ነው።»

«ስታስገባው ኮምፒውተሩ አልጠየቀህም?» አለችው።

«ጠይቆኛል። ‹እንደዚህ የሚባል ሌላ አለ፣ ልተካው?› አለኝ። አንዱን ስመልስለት ሌላውን ይጠይቀኛል። ሰለቸኝና ለሁሉም እሺ አልኩት።»

በጥፊ ልለው ተነሳሁ። «አንተ ልጅ፣ የሰው ቤት ስታፈርስም ለሁሉም እሺ ነው የምትለው?»

«ጋሽ አምሐ፣ ይተዉት» አለችኝ ሌሊሴ።

ፈሀድ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ጋ ደወለ። እኛም አየር ጤናና ቤቴል ያሉትን ጌም ቤቶች ዞርን። ሁሉም ጋ ያለው ያው ጥቅል ነው። የድሮው የታለ ስንል መልሳቸው አንድ ነው፦ አጥፍቼዋለሁ፣ እዚህ ውስጥ አለ እኮ። እንደገና አንሺው እንዳልላት መንገዱ ራሱ ለማስፋፊያ ተቆፍሯል። ጎሚስታው የት እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም፤ ወፍጮ ቤቱም ፈርሷል።

ወደ ቤት ስንመለስ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። በማግስቱ ሥራ ገባች፣ የሰዎችን ጀርባ ነጭ ስታደርግ ዋለች። እንዴት ነሽ ስላት ደህና ትላለች። ምንም አይሰማኝም አለችኝ አንድ ቀን፣ ዕቃ እያጠበች፣ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር የምታወራ ይመስል። በግድግዳው በኩልም ጸጥ አለ። መጀመሪያ «ልጄ ገባች?» ቀረ፣ ቀጥሎ «ውኃ» ቀረ።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጠራችኝና ጋሽ ቢቂላን ደግፈን መሪው ፊት አስቀመጥናቸው። ጥቅሉን ከፈተችው። ሌላ ምን ታድርግ? የኮምፒውተሩን ድምፅ ጭራሽ ዘጋችና ከኋላቸው ቆመች። እሳቸው መንዳት ጀመሩ። ባሕር ዛፉ ያልፋል፣ ሲኖትራክ ያልፋል። እሳቸው አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘንብለው ይፈልጋሉ።

«አባዬ፣ ጎሚስታ ጋ ደርሰናል» አለች።

በአንገታቸው እሺ ብለው ጥግ ያዙ። በሩን ከፈቱ። ባዶ ሜዳ ነው። ዘጉና ቀጠሉ።

«አባዬ፣ ይሄ ወፍጮ ቤቱ ነው።»

አሁንም ቆሙ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ። እንዲህ እያለች የሌለውን ፌርማታ ሁሉ ጠራችላቸው፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መግባትም መውጣትም አቃተኝ። እሳቸው በጠራችው ቦታ ሁሉ ቆሙላት። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ፣ ደህናውን እጃቸውን ከመሪው አነሱና ዞር ብለው አዩዋት። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ።

«አንቺ» አሉ ጋሽ ቢቂላ፣ «መንገዱን አታውቂውም።»

«አዎ አባዬ፣ አላውቀውም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው ሌላ ቃል አልሰማሁም።