ሰባት መቶ ራንድ የጎደለበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ቤቴ መጡ። ባልየው ሚልክያስ ጆሃንስበርግ አጠገብ ዳቬይተን ውስጥ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ሚስቱ ሶስና ፀጉር ትሠራ ነበር፤ ከወለደች ወዲህ ግን ቤት ውላለች። የሱቆች ሂሳብ በመሥራት ስለምተዳደር የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ገንዘብ ሲያስቸግራቸው ወደ እኔ ይልኳቸዋል። ሚልክያስ ስልኩ ላይ የጻፈውን የወር ወጪ አሳየኝና፣ “እትዬ ሩት፣ በሁለት ገቢ የለመድነውን ኑሮ በአንድ ደመወዝ መግፋት አቃተን። እባክዎ የቱን እንደምንቀንስ ይንገሩን” አለኝ።

ስልኩን ተቀብዬ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመርኩ፤ ሐሳቤ ግን ወደ ቮስሎሩስ ሄደብኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ወደኖርኩበት ጓሮ።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ከሆሳዕና ያስመጣኝ እንድማር ነበር። “አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቁጭ ከምትል እኔ ጋ ትምጣና ሂሳብ ትማር” ብሎ ለአባታችን ቃል ሰጥቶ ነው የወሰደኝ። ያኔ ከአንድ ጓደኛው ጋር በሽርክና የያዘው ሱቅ ነበረው፤ ስፓዛ የሚሉት ዓይነት፣ ከዳቦ እስከ ሻማ የሚሸጥበት። እኔ በመጣሁ በስድስተኛው ወር ግን ዘራፊዎች ሱቁን ሰብረው ገብተው መደርደሪያው ሳይቀር ጫኑት። የተረፈው አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ብቻ ነበር። እሱንም ሸጠው ገንዘቡን ከተካፈሉ በኋላ ወንድሜ ኦሬንጅ ፋርም በሌላ ያገራችን ሰው ሱቅ ተቀጠረ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ሳምንቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ እያደረ እሑድ እሑድ ብቻ ይመጣ ነበር።

በአንዲት አሮጊት ግቢ ጓሮ የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ የምንውለው እኔ፣ የወንድሜ ሚስት ታደለችና የስምንት ወር ሕፃን ልጃቸው ነበርን። ታደለችን እቴቴ ነበር የምላት። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ብታነብ መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር ደብተሯን ነው፣ ያውም በጣቷ እየተከተለች። ባለሙያነቷ ግን የሚገርም ነበር። እዚህ አገር ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በኛ ወግ አገንፍታ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ በርበሬ የነካው ዘይት ታፈስበታለች። ቅቤማ ከየት ይመጣል! የዶሮ እግር በርካሽ ገዝታ ቀይ ወጥ ስትሠራ መጀመሪያ አፍንጫዬን ይዤ ነበር፤ በኋላ ግን አጥንቱን ስቆረጥም ማንም አይቀድመኝም።

የዚያ ዓመት ሰኔ ገባ። ሰኔ ሲባል ዝናብ ለሚጠብቅ ሰው የጆሃንስበርግ ሰኔ ግራ ነው። ሰማዩ ጠብታ ሳይዝ ጥርት ብሎ ይውላል፤ ብርዱ ግን አጥንት ሰብሮ ይገባል። በየጓሮው ከሰል ይቀጣጠልና ጭሱ ከጎዳናው በላይ እንደ ጣሪያ ተንጣሎ ይቀራል። በአንዱ እሑድ ወንድሜ ምሳ በልቶ ሲያበቃ ደመወዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ “አንቺ የሂሳብ ተማሪ ነሽ። ይኼ ሦስት ሺህ ራንድ የት እየገባ እንደሚጠፋ እስቲ ፈልጊልኝ” አለኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! እስከዚያ ቀን ድረስ የምበላና የምማር እንጂ የምረዳ አልነበርኩም። አዲስ ደብተር ገዝቼ አንድ ወር ሙሉ የእያንዳንዷን ሻማ፣ የእያንዳንዱን ዳቦ ዋጋ ጻፍኩ። እቴቴ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ በር ላይ አስቁሜ “ስንት ሰጠሽ?” እላታለሁ። “አይ ሩቴ፣ ቀራጭ ሆንሽብኝ እኮ!” እያለች ትስቅ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ደመርኩት። ቤት ኪራይ ሰባት መቶ፣ ምግብ ስምንት መቶ፣ ለሕፃኗ ወተትና ዳይፐር ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ለወላጆቻችን የሚላክ አራት መቶ፣ አሥራት ሦስት መቶ፣ የወንድሜ የታክሲ ሁለት መቶ፣ የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ ፕሪቶሪያ ለመመላለስ የሚቀመጥ መቶ። እስከዚህ ድረስ ደመወዙ በቅቶ መቶ ሃምሳ ይተርፋል። ከሥር ግን አንድ መስመር ቀረ፤ የእኔ። ለኮሌጅ አራት መቶ ሃምሳ፣ ለታክሲዬ አራት መቶ። ያን ጊዜ ሰባት መቶ ራንድ ጎደለ።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ጉድለቱን የሚሞላው የማቀዝቀዣው ገንዘብ ነበር፤ እሱም ከሁለት ወር በላይ የሚያደርስ አልነበረም። ገጹን ገልብጬ በሚቀጥለው ላይ ሁሉንም እንደገና ጻፍኩ፤ የእኔን መስመር ብቻ ሳልጽፍ ተውኩት። ሂሳቡ ቀጥ አለ። በዕድሜዬ ትክክለኛ ሂሳብ ያስለቀሰኝ ያኔ ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ቶማስ የሚባል ባለ ሱቅ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በኩል ለጋብቻ ጠይቆኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይሆነዋል፤ ዝምተኛ፣ የተከበረ ሰው ነው። ወንድሜ “ትምህርቷን ትጨርስ” ብሎ መልሶታል። እኔ በበኩሌ ሰውዬውን አልጠላሁትም፣ አላሰብኩትምም። ደብተሬን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብኩት። በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት ስንወጣ ሽማግሌውን ለብቻ ጠርቼ፣ “ለጋሼ ቶማስ እሺ ብላለች በሉልኝ” አልኳቸው። ለቤት ሰው ትንፍሽ አላልኩም።

ሳምንቱን ጠብቀው ቶማስና ሽማግሌው ከምሳ በኋላ ከተፍ አሉ። ቶማስ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ብርቱካን በከረጢት ይዞ ነበር። ሽማግሌው የመጡበትን ሲናገሩ ወንድሜ ደነገጠ።

“ሩት፣ እውነት ነው? ፈቅደሽ ነው?”

“ፈቅጄ ነው” አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

“ትምህርቱስ?”

“ይበቃኛል።”

እቴቴ ሕፃኗን አስታቅፋኝ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና ደብተሬን ይዛ ወጣች። ለካ ዓርብ ዕለት ኮሌጅ ሳለሁ በጣቷ እየተከተለች አንብባው ኖሯል። ሁለቱን ገጾች ገልጣ ቶማስ ፊት አስቀመጠችለት።

“ጋሼ ቶማስ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው በቤቴ አላሳፍርም” አለች። “ይህቺ ልጅ ግን እርስዎን ወዳ አይደለም። ደምራ፣ ቀንሳ ነው። እዚህ ላይ ስሟ አለ፤ እዚህ ላይ የለም። ይዩት።”

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ቶማስ መነጽሩን አድርጎ አንዱን ገጽ አነበበ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ ደብተሩን በቀስታ ዘጋና ቀና ብሎ አየኝ።

“ልጄ፣ እኔም ሱቅ ስይዝ ነው የኖርኩት፤ ሂሳብሽ ትክክል ነው” አለኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ። “እኔ ግን በሰባት መቶ ራንድ ሚስት አልገዛም።”

አልተቆጣም። ሽማግሌው እንዲጸልዩ ጠይቆ፣ እቴቴ ያቀረበችውን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጥቶ ሄደ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳስበው እሱን ያንን ቀን እንዴት እንዳዋልኩት ያሳፍረኛል። በኋላ ጥሩ ሴት አግብቶ ወልዶ ከብዷል።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ወንድሜ “ሱቁ የተዘረፈ ቀን እንኳ እንዲህ አላፈርኩም” አለና ተነሥቶ ጓሮ ወጣ። እቴቴ ግን ትከሻዬን ይዛ ወዘወዘችኝ።

“አንቺን ማን ወጪ ነሽ አለሽ? ማን?”

እየተነፋረቅን ቆይተን ፊታችንን ታጠብንና፣ ወንድሜንም ጠርተን፣ ሦስታችን ደብተሩ ላይ ተቀመጥን። አሥራቱን ልቀንስ ስል እቴቴ እጄን ያዘች፤ እሱን ተውነው። አንዱን ክፍል ለአከራያችን አሮጊት መልሰን ባንዱ እንድንኖር ተስማማን፤ ኪራዩ ወደ አራት መቶ ወረደ። ከምግቡ መቶ ቀነስን። ወንድሜ ለወላጆቻችን የሚላከውን በግማሽ ሲያደርግ እስክሪብቶው እጁ ላይ ቆየ። “ለስድስት ወር ብቻ ነው፤ አይጎዱም። ምን ብዬ አስጨንቃቸዋለሁ?” አለ። አንዳችንም አልተከራከርነውም።

አሁንም መቶ ራንድ ይጎድል ነበር። በማግስቱ እቴቴ ሕፃኗን አዝላ አብራኝ ኮሌጅ ሄደች። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳትችል መዝጋቢዋ ፊት ከጎኔ ቆመች። እኔ እየተንተባተብኩ በየወሩ ሦስት መቶ ሃምሳ እንድከፍልና የቀረውን ከትምህርቱ በኋላ እንድጨርስ ለመንኩ። ሴትዮዋ ሕፃኗን አየች፣ እቴቴን አየች፣ ከዚያ ፈረመች። ቤት ገብተን ስንደምረው የሚጎድልም የሚተርፍም አልነበረም። “ተመስገን፣ ባዶ ወጣ!” ብላ እቴቴ እልል አለች። ለባዶ ሲባል እልልታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ሥራም አገኘሁ። ያ ቤት በሁለት ደመወዝ መኖር ጀመረ፤ ቆይቶም ወንድሜ የራሱን ሱቅ መልሶ ከፈተ። ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው እንዲህ በደስታ እየጨረስኩ ስናገር ኖሬያለሁ።

ከዓመታት በኋላ አባታችን ሲሞት ለልቅሶ አገር ቤት ገባሁ። ታናሽ እህቴ ከለቅሶ ድንኳኑ ኋላ ቁጭ ብላ ስታጫውተኝ፣ ገንዘቡ የቀነሰበት ጊዜ አባቴ የሚወዳትን ጊደር ሸጦ እንደነበር ነገረችኝ። ለጊደሯም አልነበረም ያዘነው። “ማርቆስ ታሟል፣ ወይም ታስሯል፤ ደብቀውኛል” እያለ ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። የራሴን ስም ከደብተሩ ሳወጣ አልቅሼ፣ የእሱን መስመር በግማሽ ስንቆርጥ ግን ምን ይሰማዋል ብዬ አልጠየቅኩም። አንድ ስልክ ይበቃ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስታውስ ሚልክያስ መልስ እየጠበቀ ያየኛል። ከዝርዝሩ ውስጥ “ለእናቴ” የሚለውን አየሁት። “ይህን ልትቀንስ አስበሃል?” አልኩት። “አዎ” ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

“ታውቃለች?”

“ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ እትዬ ሩት? ትጨነቃለች።”

“አሁን ደውልላት” አልኩት።

አንገራገረ፤ ሶስና በክርኗ ነካ ስታደርገው ደወለ። ሶስና ከወለደች ወዲህ ሥራ ማቆሟን፣ ለጥቂት ወራት ገንዘቡ እንደሚያንስ እየተርበተበተ ነገራት። ከዚያ የእናቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

“ውይ፣ ተመስገን! ይኼው ነው? ባለፈው ወር ሲዘገይ ታመሃል ብዬ እኮ ስጾም ነው የከረምኩት!”

ሚልክያስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔም ሻይ ላፈላ ብዬ ተነሣሁ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ግን ወደ እነሱ ዞሬ ማየት አልቻልኩም።