በኪሴ የያዝሁት ጸናጽል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ከፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ኩራቴን፣ ጾም መሻሬን ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዝም ብያለሁ። በዚያ ቀን ቤታችን የነበሩ ሰዎች የሆነውን በዓይናቸው አይተዋል፤ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አያውቁም። እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ሰበብ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ አትቀበሉልኝ።

ባለቤቴ መስፍን የመሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ ካረፉ በኋላ የቀረለት ድምፃቸው ብቻ ነው፤ በካሴት የተቀዳ ማኅሌት፣ እሳቸው እየመሩ፣ ጸናጽላቸው ከከበሮው በላይ እየተንሿሿ። እኔ እዚህ ካምፓላ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የዶክትሬት ጥናቴም ስለ ድምፅ ነው። ስለዚህ የመስፍን ጆሮ መድከም ሲጀምር ከእሱ በፊት ያወቅሁት እኔ ነበርሁ። ያመልጡት የነበሩት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ መጀመሪያ የወፎቹ፣ ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ፣ ከዚያ የእኔ። እሱ ግን ጥፋቱን ከአፌ አገኘው። «አፍሽ ውስጥ አታውሪ» ይለኝ ነበር። እንግዳ ፊት ደግሞ እየሳቀ፦ «ዶክተር ተብላ አጥርቶ መናገር አቃታት!» ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

«መስፍን፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ማለት ይከብድ ነበር? አይከብድም። አላልሁም እንጂ። ሙያዬም ሚስትነቴም እንድናገር ያስገድዱኝ ነበር፤ እኔ ግን ያወቅሁትን እውነት እንደ ቂም አስቀመጥሁት።

ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ወዳለው አዲሱ ቤታችን በተዛወርን ሰሞን የአባቱ ጸናጽል ድምፅ ከካሴቱ እንደ ጠፋበት ነገረኝ። ለዚህም ጥፋተኛ አገኘ፤ ስፒከራችን አርጅቷል አለ። አዲስ ልንመርጥ ናካዋ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ከተለመዱት ጎን ኤር ሞሽን ትራንስፎርመር የሚባል የቀጭን ድምፅ ማውጫ ያለበትን ውድ ስፒከር አቆመልን። እንደ አኮርዲዮን የታጣጠፈ ስስ ሽፋን አለው፤ በእጥፋቶቹ መካከል ያለውን አየር እየጨመቀ ያስወጣል፤ ቀጭን ድምፅ አጥርቶ የሚያወጣውም በዚህ ነው። ሻጩ የአባቱን ማኅሌት በሁለቱም እያፈራረቀ አሰማን። መስፍን ዓይኑን አልጨፈነም፤ ፊቴን ያይ ነበር። ጸናጽሉ ጥርት ብሎ ሲወጣ ፊቴ ሳይታወቀኝ ፈካ። ያን ጊዜ «ይኼኛው ነው» አለ።

የመረጠው በጆሮው ሳይሆን በፊቴ ነው። ይህን አየሁ። ይህን አይታ የማትራራ ሴት ማን ናት? እኔ ነኝ። ድምፄን የሚንቅ ሰው ፊቴን ይበደራል ብዬ ከማሰብ በቀር ምንም አልተሰማኝም።

ቤቱን ለማስመረቅ ወዳጆቻችንን በጠራንበት እሑድ፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ከስፒከሮቹ ጀርባ ገባሁ። የላይኛውን ክፍል ከታችኛው የሚያገናኙ ትናንሽ የናስ ቁራጮች አሉ፤ ሲነቀሉ ወፍራሙ ድምፅ ይቀጥላል፣ ቀጭኑ ጸጥ ይላል። ነቀልኋቸው። ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኋቸው።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ መስፍን ወደ ስፒከሮቹ ሄደ። ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አስካለ «አሁን ይኼ ሣጥን ነው የጳጳስ ወንበር?» ብለው ሁሉን አሳቁ። ማኅሌቱ ተከፈተ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚዘምር ሰው ታፍኖ ወጣ። ጸናጽል የለም። መስፍን ግን ቦታውን በትዝታ ያውቀዋልና ጣቱን አነሣ። «ሰማችሁ? ይኸው! የአባቴ ጸናጽል!» ብሎ ወደ ፊቴ ዞረ።

እኔም ፈገግ አልሁለት።

የሀበሻ እንግዳ ጋባዡን አያሳፍርም። «ኧረ ጥርት ያለ ነው!» አሉ እትዬ አስካለ። «ቤተ መቅደስ የቆምሁ መሰለኝ እኮ» አለ አንዱ። የመስፍን ዓይን እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ማቆም እችል ነበር። አላቆምሁም። ከስፒከሮቹ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ተነሣሁና መዳፌን ከፈትሁ። «ውይ! እነዚህ ወልቀው ወድቀዋል እኮ። ጸናጽሉ እስካሁን አልወጣም ነበር።» ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አጥርቼ ነው የተናገርሁት።

የድምፅ ማጉያውን አጠፋሁ፣ ቁራጮቹን መለስሁ፣ እንደገና ከፈትሁ። ጸናጽሉ ሳሎኑን ሞላው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። በይሉኝታ የዋሹት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ መስፍን ተመለከቱ። ለእሱ የተጨመረ ድምፅ አልነበረም። ከፊታችን ግን ሁሉን አነበበ።

«ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ስገጥመው አላጠበቅሁትም» ብሎ እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ነቅዬ፣ እሱ ይቅርታ ጠየቀ። ከሄዱ በኋላ ሳህን እያነሣ «ለካ ያንቺ አፍ ደኅና ኖሯል» አለኝ። ለዓመታት የጠበቅሁት ቃል ይኸው ነበር። ምን ላደርገው ነበር የጠበቅሁት?

ከዚያ ወዲህ ንግግሬን ነቅፎ አያውቅም። ለሰማውም ላልሰማውም «እሺ» ይላል። ማኅሌቱን ዳግመኛ አልከፈተም። ዘግይቼ ስለ ሐኪም ሳነሣለት «ምን ልሰማ ብዬ?» አለኝ። ከሁሉ የከፋው ግን፣ የምለው ሲያመልጠው ፊቴን አያይም፤ ወለሉን ያያል።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም። በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁልቁል ከተማውን ሲያይ፣ ከኋላው ቆሜ፣ በዚያ በሚያመልጠው ቀጭን ድምፄ፣ የነቀልሁት እኔ ነኝ፣ ማረኝ ብዬዋለሁ። ደጋግሜ ብዬዋለሁ፤ እንደማይሰማኝ እያወቅሁ። ከፊቱ ቆሜ ጮክ ብዬ ልናገር እችላለሁ፤ ምን እንደሚሰማና ምን እንደማይሰማ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከእናንተ ምሕረት አልለምንም። ንስሐዬንም ለእሱ ያሰማሁት እንደዚያ ቀን ማኅሌት የናስ ቁራጮቹን ነቅዬ ነው።