መጀመሪያ መብራቱ ይውረድ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የእትዬ ጽጌን ግቢ መጀመሪያ ያየ ሰው፣ ግንበኛው ሰክሮ የሠራው ይመስለዋል። ለተማሪ የሚያከራዩዋቸው ክፍሎች በሙሉ ላይኛው ጥግ፣ ጭንጫው ላይ፣ ብርድ እንደያዘው በግ ተጠጋግተዋል። መሠረት ለማውጣት ድንጋይ መፍለጥ ግድ የሚልበት ቦታ ነው። ታችኛው ደልዳላ፣ ለቆፋሪ የሚመቸው ቀይ አፈር ግን ባዶውን ተቀምጧል። ልብስ እንኳ አይሰጣበትም። የባጃጅ ሾፌሮች ለማቆሚያ አከራዩን ቢሏቸው እምቢ ብለዋል። ሰፈሩ "ስስት ነው" ይላል።

እኔ የቧንቧና የፍሳሽ ሠራተኛ ነኝ። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የግቢው ሽንት ቤት ሞልቶ ልጃቸው ሕይወት ጠራችኝ። ዞሬ አየሁና ታችኛው መሬት መሀል ቆሜ፣ "እዚህ ነው የሚቆፈረው" አልኩ።

እትዬ ጽጌ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ውጣ ከዚያ" አሉኝ። "በመጣህበት ዱካ ውጣ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሕይወት አልሳቀችም። "እባክህ እንዳሉህ አድርግ" አለችኝ፤ ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ልጅ አጥብቃ ይዛ። በዱካዬ ተመለስኩ። ከዚያ እትዬ ጽጌ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው የነገሩኝ ይህን ነው።

ያን ጊዜ ከተማው ሩቅ ነበር። አሁን ኮብልስቶን የተነጠፈበት የገብስ ማሳ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለበት የጥጃ መዋያ። አባታቸው አያሌው እህላቸውን የሚያኖሩት ሁለት ቦታ ነበር፤ የሚታየውን በጎተራ፣ የማይታየውን በጉድጓድ። ጉድጓዱ ጋን ይመስላል፤ አፉ አንድ ሰው ብቻ ያሾልካል፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ግድግዳው በጭቃ፣ በጭድና በእበት ይለሰናል፤ ገለባ ነድዶበት ይደርቃል፤ ገብሱ ይገባል። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል፣ ከላይ አፈር ይለብሳል፣ አፈሩ ላይ ከብት ይታሰራል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው ራሱ አያገኘውም። የተፈለገውም እሱ ነው። የጦርነት ዘመን ነበር፤ ዛሬ አንዱ ወታደር ነገ ሌላው ያልፋል፣ የሚያልፈው ሁሉ ርቦታል። ስለዚህ ቦታውን አባት ያውቃል፣ ለታላቁ ወንድ ልጅ ያሳያል፣ አለቀ። ለሴት ልጅ አይነገርም፤ ነገ ተድራ የሰው ቤት ናት።

ጽጌ ግን አንዱን ጉድጓድ ታውቀው ነበር። ቀላል ስለሆነች ወገቧን በጠፍር ታስራ ወርዳ፣ ገብሱን ስልቻ ውስጥ የምትዝቀው እሷ ናት። ከታች ሆና ቀና ስትል የጉድጓዱ አፍ ሰፌድ ያህላል። ሽታው ይኮመጥጣል። የራሷ ትንፋሽ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ፣ አጠገቧ ሌላ ሰው ያለ ይመስላታል። ሽቅብ ተስባ እስክትወጣ ድረስ ዓይኗን አትከድንም፤ ከከደነች ያ ሰው እጇን የሚይዛት ይመስላት ነበር።

አያሌው አንድ ደንብ ነበራቸው። ጉድጓድ ጠዋት ይከፈታል፣ ሲተነፍስ ይውላል። ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከበራ ሰው ይወርዳል፤ ከጠፋ ማንም አይወርድም። ለምን ሲባሉ፣ "ታምቆ የከረመ አየር ሰው ይበላል" ብቻ ነው መልሳቸው።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን አባትየው ሐሙሲት ገበያ ወርደው፣ እናትየው የሺ ቅዳሴ ሄደው፣ ጉድጓዱን የከፈተው ታላቅ ወንድሟ አዳነ ነው። ጎተራው ተራቁቷል፤ አባቱ "ሰማዩ ሲጠራ አውጣ" ብለውታል። ሲከፍተው ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ድንጋዩን አንስቶ ገና ላቡን ሳይጠርግ ጉና ተራራ ላይ ሰማዩ ጠቆረ።

የክረምት ጉድጓድ ጣጣው ይኸው ነው። ከተውከው ዝናብ ይገባበታል፣ ገብሱ ይበቅላል፣ የዓመት ቀለብ ይበሰብሳል። መልሰህ እንዳትመርገው ጭቃው አይደርቅም።

"ቶሎ ውረጅ" አለ አዳነ።

"ኩራዙስ?"

አወረደው። ጠፋ።

"ነፋስ ነው" አለ። ለኩሶ ደገመ። አሁንም ጠፋ። "ጋዙ አልቋል።"

ጽጌ ኩራዙን ነቀነቀችው፤ ተንቦጫቦጨ። "አለ እኮ!"

"ዝናቡን አንች ልትይዥው ነው?"

"አልወርድም።"

"ፈሪ! ሱሪ ታጥቄ ከሴት ጋር ስከራከር ልዋል! እኔ እወርዳለሁ። አባባ ሌላም ጉድጓድ አለ ብሎ ያሳየው ለኔ ነው፤ ላንች ነው?"

ሌላ ጉድጓድ እንዳለ ጽጌ የሰማችው ያኔ ነው። ወዴት እንደሆነ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት፣ ጠፍሩን ወገቡና አጠገቡ ያለ ግንድ ላይ አስሮ ወርዶ ነበር።

"ስልቻውን ወርው..." አለ ከታች።

ቃሉን አልጨረሰውም።

"አዳነ?"

ዝናቡ ጀመረ። ጠፍሩን ጎተተች፤ በሬ የታሰረበት ይመስል ከበደ። በደረቷ ተኝታ አንገቷን ወደ ውስጥ ስታሰግግ፣ ራሷ ዞረ፣ ጆሮዋ ጮኸ። ፍርሃት ማጅራቷን ይዞ ወደ ኋላ የጎተታት መሰላት። ተነስታ ሮጠች። ጎረቤቶች ደርሰው በጠፍሩ ስበው ሲያወጡት አዳነ ተኝቶ የሚያልም እንጅ የሞተ አይመስልም ነበር።

አያሌው ከገበያ ሲመለሱ ለቅሶው ከመንገድ ተቀበላቸው። ከቀብር በኋላ ያን ጉድጓድ ድንጋይ ሞሉበት። የሌላኛውን ነገር ጽጌ ስትጠይቃቸው፣ "ተይው፣ እንደተኛ ይተኛ" አሉ። ደግማ ጠየቀች፤ ዘወር ብለው ሄዱ። ታመው አልጋ ሲይዙም ጠየቀች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምሥጢሩን ይዘውት ተቀበሩ።

ከዚያ ወዲያ የጽጌ ሐሳብ ሁሉ እግሯ ሥር ነበር። ዱላ ይዛ፣ መሬቱን እየቆረቆረች፣ ድምፁን እያዳመጠች ትሄዳለች። ድፍን መሬት አጭር ይመልሳል፤ ባዶ መሬት ያስተጋባል። የሰፈር ልጆች "እውሯ መጣች፣ መንገድ ልቀቁላት!" እያሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይከተሏታል። ሮጣ አታውቅም። ሠርጓ ላይ እንኳ ግቢው ውስጥ ሲጨፈር፣ ያ ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ሲዘል፣ እሷ ሙሽራዋ በጥፍሯ የመደቡን ጠርዝ ይዛ ነበር።

ከዚያ ከተማው መጣ። እርሻው ተሸነሸነ፣ መንገድ ወጣ፣ ግሬደር ሲያልፍ እትዬ ጽጌ አጥር ተደግፈው አዩ። መሬቱ አፉን ቢከፍትስ ብለው ፈርተው ነበር። አልከፈተም። ለእሳቸው የተረፈው የድሮው ግቢ፣ ከዓለም ሁሉ አጥብቀው የሚፈሩት ቦታ ሆነ። ክፍሎቹን ጭንጫው ላይ ያሠሩት ለዚህ ነው። አለት ላይ የእህል ጉድጓድ ማንም አይቆፍርም።

"እና ይኸው ልጄ መዳህ ጀምሯል" አለች ሕይወት። "እስከ መቼ አዝዬው እኖራለሁ?"

ሽንት ቤቱን ተውነውና ጉድጓዱን ልንፈልግ ተስማማን። ክረምት ከገባና መሬቱ ከረጠበ በራሱ ሊናድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከላዩ ማን እንደሚገኝ አይታወቅም። ረዳቴ ሞላ ጉልበተኛ ነው፣ አፉም አያርፍም። ሳንቃ አነጠፍን፤ ሞላ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ጫፉን አጥሩ ምሰሶ ላይ አሰርኩት። ከዚያ መሬቱን በድጅኖ እየወጋ ወደ ታችኛው ደልዳላ ወረደ።

"እትዬ፣ እኔን እንደ ዝንጀሮ ከማሰር ጠበል ቢረጩት አይሻልም ነበር?"

"ዝም ብለህ ውጋ፣ አንተ ለፍላፊ!"

ድጅኖው ጭቅ፣ ጭቅ ይላል። እትዬ ጽጌ በያንዳንዱ ምት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔም ሳላውቀው ጥርሴን ነክሻለሁ። አጥሩ ጥግ፣ ከደልዳላው ዳር፣ ሕይወት በየቀኑ ውሃ በምትቀዳበት ቧንቧ አጠገብ፣ ድጅኖው ከሞላ እጅ አመለጠ። አልወደቀም። ገባ። መሬቱ ዋጠው። ቆይቶ ከታች "ድፍ" የሚል ድምፅ መጣ።

ሕይወት ልጇን ታቅፋ ቧንቧውን ታያለች።

ሞላ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገ፤ የተሰበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ። ፍርስራሹን ሲያነሳው ያ የኮመጠጠ ሽታ ፊታችንን መታው። እትዬ ጽጌ አፍንጫቸውን ሳይሆን ጆሯቸውን ያዙ።

"ጥልቅ አይደለም፣ ወርጄ ድጅኖውን ላምጣ" አለ ሞላ። ስልኩን አብርቶ ወደ ውስጥ አሳየኝ። "ይኸው፣ ታች ይታያል።"

"መጀመሪያ መብራት ይውረድ!" ጮሁ እትዬ ጽጌ።

"ይኸው አበራሁ እኮ!"

"እሱ አይጠፋም! የማይጠፋ መብራት ምን ይነግርሃል?"

ሕይወት ከቤት ጧፍ አመጣች። ቆርቆሮ ውስጥ አቁሜ በሽቦ አወረድኩት። ነበልባሉ ከአፉ ብዙም ሳይርቅ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። አውጥቼ ለኩሼ ደገምኩት። እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ፤ እጅ ያፈነው ይመስል።

ሞላ ገመዱን ሳይፈታ ሳንቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ያን ቀን አልቀለደም።

ማንም አልወረደም። አፉን አስፍተን አሳደርነውና በጠዋት ድጅኖውን በመንጠቆ አወጣነው። ጫፉ ላይ የጠቆረ ገብስ ተጣብቆ ነበር። እትዬ ጽጌ ፍሬውን በጣታቸው አሽተው አዩት። "የአባባ ገብስ" አሉ። ድንጋይና አፈር ሞልተን፣ ውሃ አጠጥተን ደልድለን፣ እኔው ራሴ ላዩ ላይ ዘለልኩበት።

ሕይወት ልጁን ከጀርባዋ አወረደችው። ሕፃኑ በቀዩ አፈር ላይ መዳህ ጀመረ። እትዬ ጽጌ ዱላቸውን ይዘው፣ እየቆረቆሩ፣ ከፊት ከፊቱ ሄዱ።

"እማዬ፣ ተሞላ እኮ! አለቀ!"

ዱላው ቆመ።

"አዳነ ሌላም አለ ነው ያለኝ" አሉ። "ስንት እንደሆነ አልነገረኝም።"

ሕይወት ልጁን ከመሬት ብድግ አደረገችው። ሞላ ማንም ሳያዘው ገመዱን ወገቡ ላይ መልሶ አሰረና ድጅኖውን አነሳ።