«አይዞሽ» ስህተት የሆነበት ፈተና

ትርሲት የነርሲንግ ትምህርቷን የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና የወደቀችው በከበደው ክፍል አልነበረም። የልብን አሠራር፣ የኩላሊትን ሥራ፣ ያንን ሁሉ የመድኃኒት መጠን ስሌት በሚገባ መልሳለች። የጣላት በሽተኛን ስለማነጋገር የመጣው ጥያቄ ነው። ያንን ደግሞ አላጠናችውም፤ ምን ብዬ አጠናዋለሁ ብላ ነበር።

ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገችው ይህች ሴት አሜሪካ የገባችው በዲቪ ነው። የእናቷ ወንድም ጋሼ ወልደአምላክ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማቸው አንዱን ክፍል ሰጧት። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ገብታ ስትሠራ ሽማግሌዎቹ ስሟን በትክክል መጥራት ባይችሉም «እሷን ጥሩልን» ይሉ ነበር። ነርስ ሁኚ ያሏትም እነሱ ናቸው። በሜሪላንድ በኩል የመግቢያ ተራው ረጅም ስለነበረ ከወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ያለ ኮሌጅ ተቀበላትና በየቀኑ ወንዙን እየተሻገረች መማር ጀመረች።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና የሚደረግላት ሴት «ፈርቻለሁ» ብትልሽ ምን ትመልሺላታለሽ? ትርሲት ምርጫዎቹን በፍጥነት አየችና «አይዞሽ፣ ጎበዝ ሐኪም ነው ያለሽ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል» የሚለውን ወሰደች። ስህተት ተባለች። ትክክለኛው «ምን እንደሚያስፈራሽ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?» የሚለው ነው። በዚያው ፈተና እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በመጣ ቁጥር የእሷ መልስ አይዞሽ ነበር፤ አይዞሽ ባለች ቁጥር ደግሞ ነጥብ አጥታለች።

አብሯት የሚማረው ፉአድ፣ እዚያው አሜሪካ ጌይተርስበርግ ያደገ ልጅ፣ ብዙም አልተገረመም። «ደንቡ ቀላል ነው» አላት። «‘ደህና ይሆናል’ የሚል ካየሽ ሰርዢው። ለምን ብለሽ ራስሽን አታድክሚ፣ ጀስት ሜሞራይዝ አድርጊው፣ ሸምድጂው።»

ትርሲት ግን ለምን ሳትል ማለፍ የማትችል ሰው ናት። ፈራሁ ያለን ሰው ምኑ ነው ያስፈራህ ብሎ መጠየቅ የመርማሪ ፖሊስ ሥራ መሰላት። መምህርቷ ሚስ ሃርግሮቭ ቢሮ ሄደች። ሚስ ሃርግሮቭ ለብዙ ዘመን ነርስ ሆነው የሠሩ፣ ሲያዳምጡ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሴት ናቸው።

«በአገራችን አንድ ቃል አለ» አለቻቸው ትርሲት። «የታመመም፣ ያዘነም፣ እንቅፋት የመታውም ሰው ሲኖር የምንለው። ሳይባል ከቀረ ነውር ነው።»

«በእንግሊዝኛ ምን ማለት ነው?»

ትርሲት አሰበች። አትፍሪ? በርቺ? አለሁልሽ? አንዱም አልገጠመላት። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችውን ቃል አለማወቋ ራሷንም ገረማት።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅሽ። ቃሉን ስትያቸው በሽተኞቹ ምን ይመልሳሉ?»

«እሺ ይላሉ። አሜን የሚሉም አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ያበቃል።»

ሚስ ሃርግሮቭ መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ትርሲት ወጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ ያንን «ያበቃል» ደጋግማ አሰበችው። አንድ ነገር ልትሞክር ወሰነች፦ ለአንድ ሳምንት ለማንም አይዞህ ሳትል ብትቀር ሰው ምን ይላል?

የመጀመሪያው ሰው ጋሼ ወልደአምላክ ሆኑ። ትርሲት መንጃ ፈቃድ ቢኖራትም ቤልትዌይ በሚባለው ከተማውን በሚዞረው ፈጣን መንገድ ላይ መንዳት ትፈራ ነበር። ስለዚህ ሆስፒታል ገብታ በምትለማመድባቸው ቀናት ጋሼ መንገደኛ ከኤርፖርት በሚያመላልሱበት መኪናቸው በማለዳ ያደርሷታል። የዚያን ቀን የወንዙ ድልድይ ሊደርሱ ሲሉ ጋሼ እንደ ልማዳቸው «ይሄ እግሬ እየደነዘዘ አስቸገረኝ እኮ» አሉ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ብርዱ ነው» ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ዝምታው ስለከበዳት በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ጀመር።

ጋሼ ጥቂት ጠበቁ። የሚጠብቁት ቃል ሳይመጣ ሲቀር ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ደነዘዘ ስልሽ፣ ፔዳሉን አላውቀውም።»

«እንዴት ነው የማያውቁት?»

«እግሬ ነዳጁ ላይ ይሁን ፍሬኑ ላይ ዝቅ ብዬ ካላየሁ አይታወቀኝም። ባለፈው ሰው ጭኜ ቀይ መብራት ላይ... ተይው። እግዜር አተረፈኝ።»

ትርሲት ከመስኮቱ ዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።» ወሩ ኦክቶበር ነበር።

«ለማንም አልነገሩም?»

«ለማን ያልነገርኩት አለ? ለጓደኞቼ ነገርኩ። ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ለአንቺስ ቢሆን በሰኔ ነግሬሽ አልነበር? ሁላችሁም አይዞህ አላችሁኝ፣ እኔም እሺ አልኩ።» ወቀሳ አልነበረም። እንደ ማንኛውም ነገር ነው የነገሯት።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ኤግዚት እንውጣ» አለች።

ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆሙ። ቁልፉን ተቀበለቻቸው። ከቤልትዌዩ ይልቅ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋባት አሌክሳንድሪያ ያለው ሆስፒታል ደረሰች። ተማሪዎቹ ግን ተቆጥረው ገብተው ነበር። የዘገየ ተማሪ በሽተኛ አይሰጠውም፤ ሚስ ሃርግሮቭ ምክንያቱን እንኳ ሳይሰሙ ወደ ቤት መለሷት። ተናደደች፤ አለቀሰችም። ከዚያ ጋሼ መኪና ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቋት እንደሆነ ትዝ አላት፤ ቀኑም ሙሉ የእሷ ነው።

በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እዚያ ካልሲያቸውን ስታወልቅላቸው በእግራቸው መርገጫ ላይ ቁስል አየች። ሥጋው ተከፍቷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው አዩት። «ይሄ መቼ ወጣ?» አሉ። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ከርሟል፤ የእግራቸውን ነርቭ ጎድቶታል። ቁስሉ ሳይታከም ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እግራቸውን ሊያሳጣቸው ይችል እንደነበረ ሐኪሟ ነገረቻቸው፤ መንዳትም ከለከለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ትርሲት አዲስ እምነት እንደያዘ ሰው ሆነች። አይዞህ የሚባለውን ቃል እርግፍ አድርጋ ተወችው። እህቷ ከደብረ ብርሃን ደውላ ጥርሷን እንዳመማት ብትነግራት እንኳ «ስለ ሕመሙ ንገሪኝ እስቲ» አለቻት። እህቷ «ምን ሆነሻል? ታመሻል እንዴ?» ብላ ስልኩን ዘጋችባት።

የአሜሪካው ክረምት ሲገባ ሆስፒታሉ ውስጥ ወይዘሮ ዕንቁ የተባሉ ሴት ደረሷት። ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ በማግስቱ ቀዶ ጥገና ይጠብቃቸዋል። ሐኪሞቹ የሚያነጋግሯቸው በስልክ አስተርጓሚ ነው፤ ትርሲት ተማሪ ስለሆነች ማስተርጎም አይፈቀድላትም። የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ትራሳቸውን አስተካከለች፣ አማርኛ እንደምትናገር ሲያውቁ እጇን ያዟት።

«ፈርቻለሁ ልጄ» አሏት።

ጥያቄው ከነሕይወቱ ከፊቷ ተቀምጧል። ትርሲት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ መልሱን ታውቀዋለች። «ምን እንደሚያስፈራዎት ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

ወይዘሮ ዕንቁ እጃቸውን መለሱ። «ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እንዲሁ፣ እንዲቀልዎት ብዬ ነው።»

«ሐኪሙ የደበቀኝ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም!»

«ታዲያ አይዞዎት እንኳ አላልሽኝም! አይዞህ የማይባለው ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነው። እኔ መች አጣሁት! ልጄን ጥሩልኝ፣ ማቲያስን ጥሩልኝ!» ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ትርሲት ደነገጠች። የተማረችው ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፋ። እጃቸውን መልሳ በሁለት እጇ ያዘችና «አይዞዎት እማማ» አለች። «አይዞዎት። አለሁ።» ከዚያ ደግሞ አልተነሳችም፤ እጃቸውን እንደያዘች ቆየች። ወይዘሮ ዕንቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ትንፋሻቸው ረጋ። በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነገ እዚያ ክፍል ውስጥ ትገቢያለሽ?»

«አልገባም።»

«ሌላ አማርኛ የሚሰማ አበሻስ አለ?»

«አይመስለኝም። ምነው?»

«ሰው ማደንዘዣ ሲወስድ ይቀባጥራል አሉ። እኔ ደግሞ... ለልጄም፣ ለሟቹ ባሌም፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ሞቱን እንኳ አልፈራሁም፤ አፌን ነው የፈራሁት።»

ትርሲት «ምንድነው እሱ?» ለማለት እንደዚያን ቀን ጓጉታ አታውቅም። አልጠየቀችም። ወጥታ ለተረኛዋ ነርስ ነገረቻት፤ ነርሷም ማደንዘዣ የሚሰጠውን ሐኪም ጠራችው። ሐኪሙ አስተርጓሚውን በስልክ ሲያስገባ ወይዘሮ ዕንቁ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ፤ ስልኩ ውስጥ ያለውም አበሻ ነዋ! ማዳመጡን ግን አዳመጡ። እንቅልፉ ከባድ እንደሆነ፣ ጉሮሯቸው ውስጥም ቱቦ ስለሚገባ ማውራት እንደማይቻል ተነገራቸው። ሲነቁ ጥቂት ቃል ሊያመልጣቸው ይችላል፤ ያኔ አጠገባቸው የምትኖረው ነርስ ፊሊፒናዊት ናት። ወይዘሮ ዕንቁ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ከአፋቸው አንስተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ሚስ ሃርግሮቭ ኮሪደሩ ላይ ጠበቋት። ሁሉንም አይተዋል። «አሁንስ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አለሁ ማለት ይመስለኛል» አለች ትርሲት። «ግን ብለውት ከሄዱ ምንም ማለት አይደለም።»

«ጥሩ። ፈተናው ላይ ግን አሁንም ያኛውን፣ የሚጠይቀውን ምረጪ።»

ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ። በማግስቱ ፊሊፒናዊቷ ነርስ ለትርሲት እንደነገረቻት ከሆነ፣ ወይዘሮ ዕንቁ ከማደንዘዣው ሲነቁ ማውራት ጀምረው ማቆሚያ አልነበራቸውም። «ምን ያህል ደስ የሚል ቋንቋ ነው ያላችሁ!» አለቻት። «አንድ ቃል አልገባኝም እንጂ።»

ትርሲት በሚቀጥለው ዓመት በፀደይ ተመረቀች። ጋሼ ወልደአምላክ ቁስላቸው ድኖ፣ መኪናቸውን ሸጠው፣ ፔትዎርዝ በሚባል ሰፈር ባለ የወዳጃቸው ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ የሚሄዱት በባቡር ነው። እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ ኩላሊት የሚታጠብበት ቦታ ተቀጠረች። በሽተኞቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ፋታ ባገኘች ቁጥር የሥራ ባልደረቦቿን በየቋንቋቸው ለታመመ ሰው ምን እንደሚባል እየጠየቀች ታስቸግራለች። አንድ ቀን ከኤል ሳልቫዶር የመጣችውን ጓደኛዋን «እናትሽ የታመመ ሰው ስታይ መጀመሪያ ምን ትለዋለች?» አለቻት።

ልጅቷ የኩላሊት ማጠቢያውን ማሽን አጥባ ጨረሰች። «ምንም አትለውም» አለች። «በልተሃል ወይ ብላ ትጠይቀዋለች።»