ጣቢያው ግቢ ያደገችው እህቴ

ባለፈው ሰሞን ከዚራ ሰፈር፣ ፈረንሳዮች በሠሩት በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ሳልፍ የናፍጣና የግራሶ ሽታ ሸተተኝ። የእህቴ የጽጌ ቀሚስ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ዘመኑ ደርግ ነው። አክስቴ ልጅ መውለድ አልሆነላትምና እናቴ ጽጌን ሰጠቻት። የአክስቴ ባል የባቡር መካኒክ ስለነበር፣ ጽጌ ከጣቢያው ጀርባ፣ ከጥገናው ክፍል አጠገብ በተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች አደገች። እኔ መጋላ ሰፈር ከእናቴ ጋር ቀረሁ።

መንገደኛው ከአደባባዩ በትልቁ በር ገብቶ፣ ትኬት ለመቁረጥ ተሰልፎና ተፈትሾ ነው ሐዲዱ ጋ የሚደርሰው። ጽጌ ግን በጓሮው በር እየሮጠች ትገባለች። ዘበኛው እሷን "ነይ የኔ ልጅ" ይላታል፤ እኔን "አቦ አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?" ብሎ ይመልሰኛል። ከአክስቴ ጋር ወደ አዋሽ ስትሄድ በባቡሩ መስኮት እጇን ታውለበልብልኛለች። እኔ የአጥሩን ብረት ጨብጬ አያታለሁ።

አንድ ቀን ከዚያ ተመልሼ እናቴ ላይ ጮህኩባት።

"ለምን ለአክስቴ እኔን አልሰጠሻትም?"

የምታጣጥፈውን ልብስ አስቀመጠች።

"አክስትሽ የጠየቀችኝ አንቺን ነበር" አለች። "ካንቺ መለየት አቃተኝ። ለጽጌ እንዳትነግሪያት።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የቀረብኝን መስኮት እያሰብኩ አለቀስኩ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ጽጌ እስከዛሬ ስንገናኝ "አንቺስ ታድለሽ፣ እማዬ አቅፋሽ አደግሽ" ትለኛለች። እኔም እማዬ ያለችኝን አልነግራትም።